ወንድሜን «ሰነፍ» ስንለው ከረምን፤ ስኪዞፍሬኒያ ነው ተባለ

እህቱ · ሰኞ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ አንብቤ መውጣት እንጂ መጻፍ ልማዴ አይደለም። ዛሬ ግን ጨነቀኝ።

ታናሽ ወንድሜ 21 ዓመቱ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ሆስፒታል አስገባነው። ስኪዞፍሬኒያ ነው አሉን። ሐኪሙ ቁጭ ብሎ በደንብ አስረድቶናል። እኔ ግን ከዚያች ቃል በኋላ የተናገረው አንድም አልገባኝም። ጆሮዬ ደነቆረ።

ድሮ ቤቱን በሳቅ የሚሞላ ልጅ ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ ውጤቱ መውረድ ጀመረ። ክፍሉን ዘግቶ ይውላል። ገላውን መታጠብ ተወ። ጓደኞቹ ሲደውሉ አያነሳም። ስናናግረው «እሺ»፣ «አይ»፣ «አላውቅም»፤ በቃ። አባቴ «ሰነፈ» አለ። እናቴ «ፍቅር ይዞት ይሆናል» አለች። እኔ ስልኩን ወነጀልኩ። በየተራ ተቆጣነው። አንድ ቀን ተናድጄ «ጥገኛ» ብዬዋለሁ። አሁን ያቺ ቃል እንቅልፍ ትነሳኛለች።

ካለፈው ወር ወዲህ ነው ነገሩ መልኩን የቀየረው። ከላይ ፎቅ ያሉ ሰዎች ስለ እሱ እንደሚያወሩ ነገረኝ። የክፍሉን ሶኬቶች በፕላስተር ሸፈናቸው። ዜና አንባቢዋ ለእሱ ብቻ ምልክት ትሰጠዋለች። ሌሊት ብቻውን ሲስቅ እሰማዋለሁ። «ማንም የለም እኮ» ስለው ደሙ ይፈላል።

ምንድን ነው ይሄ ነገር? ያ የሁለት ዓመቱ ዝምታስ ከዚህ ጋር ይገናኛል? የምታውቁ አስረዱኝ።

ጨረቃ88 · ሰኞ ማታ

አይዞሽ እህቴ። ግን ስኪዞፍሬኒያ አንድ ሰው ውስጥ ሁለት ሰው ሲኖር አይደለም እንዴ? ቀን ደግ፣ ማታ ክፉ የሚሆን ዓይነት። ፊልም ላይ እንደዛ ነው ያየሁት። ለማንኛውም ቢላ ምናምን ደብቁ።

ማታ_ተረኛ · ሰኞ ሌሊት

ጨረቃ፣ በቅንነት እንደጻፍሽው አውቃለሁ። ግን ሁለቱም ልክ አይደለም።

የአእምሮ ሕክምና ክፍል ነርስ ነኝ፤ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ይህን «ሁለት ሰው» የሚባል ነገር የማልሰማበት ሳምንት የለም። ጥፋቱ የስሙ ነው። ኦይገን ብሎይለር የሚባል የስዊዘርላንድ ሐኪም ነው እ.ኤ.አ. በ1908 ያወጣለት። «መሰንጠቅ» እና «አእምሮ» የሚሉ ሁለት የግሪክ ቃላትን አጣመረ። ሰውየው ለሁለት ተከፈለ ማለቱ ግን አልነበረም። ሐሳብን፣ ስሜትንና ድርጊትን አንድ ላይ የሚይዘው ክር ላላ ነው ያለው። ሕዝቡ ደግሞ «ተሰነጠቀ» የምትለውን ብቻ ይዞ ሄደ። ጃፓኖች ስሙ ራሱ ሰው ይጎዳል ብለው እ.ኤ.አ. በ2002 በሌላ ቀይረውታል። እኔ ብሆን እኔም እቀይረው ነበር።

የቢላው ነገርስ? አብዛኞቹ ታማሚዎች ማንንም አይነኩም። ከሚያጠቁት ይልቅ የሚጠቁት ይበዛሉ። አልኮል ወይም አደንዛዥ ዕፅ ሲጨመርበት፣ ወይም ሕክምና ሳይጀመር ሲቆይ ነው አደጋው ከፍ የሚለው። ስለ ወንድምሽ ስጋት ካለኝ ራሱን እንዳይጎዳ ነው። እሱን ነገ ለብቻው እጽፍልሻለሁ፤ ዛሬ አላስፈራራሽም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። የሕመሙን ምልክቶች ሐኪሞች በሦስት ክምር ያስቀምጧቸዋል።

አንደኛው «ፖዘቲቭ» ይባላል። ጥሩ ማለት አይደለም፤ የተጨመረ ማለት ነው። ያልነበረ ነገር መጣ። ማንም ሳይናገር ድምፅ መስማት። ሶኬቱ ውስጥ የሚያዳምጠኝ አለ ብሎ ማመን። ዜና አንባቢዋ የምታናግረው እኔን ነው ማለት። አንዳንዴም ንግግሩ ከአንዱ ወደ ሌላው እየዘለለ ጫፉ አልያዝ ይላል። እናንተን ወደ ሆስፒታል ያስሮጣችሁ ይኼኛው ነው። ማንንም የሚያስሮጠው ይኼኛው ነው።

ሁለተኛው «ኔጌቲቭ» ነው፤ የተቀነሰ። የነበረ ነገር ሄደ። ተነሳሽነት ሄደ፣ ወሬ ሄደ፣ ፊት ላይ የሚነበብ ስሜት ሄደ፣ ሰው መናፈቅ ሄደ። እስቲ ራስሽ የጻፍሽውን መልሰሽ አንብቢው። ገላ አይታጠብም፣ ስልክ አያነሳም፣ «እሺ»፣ «አይ»፣ «አላውቅም»። ከመማሪያ መጽሐፍ የገለበጥሽው ነው የሚመስለው። ስንፍና አልነበረም እህቴ።

ሦስተኛው የማሰብ አቅም ላይ ይመጣል። ትኩረት ይበተናል፣ የያዙት ሐሳብ መሃል ላይ ያመልጣል፣ ማንበብ ይከብዳል። ውጤቱ የወረደው በዚህ ይመስለኛል።

ክፋቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሁለተኛውና ሦስተኛው ይቀድማሉ። ወራት፣ አንዳንዴ ዓመታት። ጩኸቱ ኋላ ነው የሚመጣው። ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከጉርምስና መጨረሻ እስከ 20ዎቹ ባለው ዕድሜ ነው፤ ሴቶች ላይ ትንሽ ዘግየት ይላል። ያ ዕድሜ ደግሞ ማንኛውም ጎረምሳ በሩን የሚዘጋበት፣ ከወላጅ የሚኳረፍበት ጊዜ ነው። ከመካከላቸው የታመመውን መለየት ለእኛም ቀላል አይደለም። ስለዚህ ራስሽን አትክሰሺ።

ጨረቃ88 · ሰኞ ሌሊት

ወንድ ነኝ ☺ ስለ ቢላው ይቅርታ።

ድምፅ_አልባ · ማክሰኞ ጠዋት

እኔ ታማሚው ራሴ ነኝ። 34 ዓመቴ ነው፤ የጀመረኝ በ23 ነው። ነርሷ ከውጭ የሚታየውን ጽፋለች። እኔ ከውስጥ ልጻፍ።

ድምፅ ስንል ሰው «ሐሳብ» ይመስለዋል። አይደለም። በጆሮ ነው የሚሰማው። አቅጣጫ አለው። የእኔ ከኋላ፣ በግራ በኩል ነበር። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ናቸው። እኔን አያናግሩኝም፤ ስለ እኔ ነው እርስ በርስ የሚያወሩት። «ተነሳ። ውሃ ሊጠጣ ነው። እጁን አየሽው?» እንዲህ ቀኑን ሙሉ። ክፋታቸው ከስድባቸው ይልቅ አለማረፋቸው ነበር።

«የሌለ ነገር እንዴት አመንክ?» ይሉኛል። በጆሮህ የሰማኸውን አታምንም እንዴ? ድምፅ ካለ ተናጋሪ አለ። ተናጋሪው ካልታየ ተደብቋል። ከተደበቀ ምክንያት አለው። ምክንያት ካለው ደግሞ የሚፈልገው እኔን ነው። እስቲ ከመካከላቸው እብደት የሚመስለውን እርምጃ አሳዩኝ። የለም። የተበላሸው መነሻው ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ያሰብኩት በጤነኛ ጭንቅላት ነው። የወንድምሽም ፕላስተር እንደዛ ነው። ሶኬቱ እየሰማኝ ነው ብለሽ ብታምኚ አንቺም ትሸፍኚዋለሽ።

አሁን ያቺን «ሰነፈ» የምትለውን ቃል ልምጣባት። አባቴ «ተነስና ታጠብ» ይለኝ ነበር። መታጠብ ለእናንተ አንድ ነገር ነው። ለእኔ ግን መነሳት አለ፣ ፎጣ መፈለግ አለ፣ ልብስ ማውለቅ፣ ውሃ መክፈት፣ መቆም፣ መድረቅ፣ እንደገና መልበስ አለ። ሁሉም ለየብቻው ዳገት ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሦስት ሰዓት ፎጣዬን አይቼ አውቃለሁ። አዝኜ አልነበረም። ሐዘን ቢሆን ጥሩ ነበር፣ ሐዘን ቢያንስ ስሜት ነው። ባዶ ነበርኩ።

ድምፆቹ መድኃኒት በጀመርኩ በአምስት ሳምንት ገደማ እየራቁ፣ እየራቁ ሄዱ። ባዶነቱ ግን ቀነሰ እንጂ አልሄደም። ቤተሰብ የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። «ድምፁ ከጠፋ ድኗል፣ ታዲያ ለምን አይሠራም?» ይላሉ። እህቱ፣ ወንድምሽ ከሆስፒታል ሲወጣ ይህን አስታውሺ።

ተከታይ · ማክሰኞ ጠዋት

ወንድሜ፣ ስላካፈልከን ከልብ አመሰግናለሁ። የፎጣዋን ነገር ሁለቴ አነበብኩት።

ቢሆንስ · ማክሰኞ ከሰዓት

አንድ ነገር ልጠይቅ፣ እንዳትቆጡኝ። ለስኳር ደም ይለካል። ለስብራት ራጅ አለ። ለዚህስ? ወሬ ጠይቀው ስም ይለጥፉብሃል። ልጁ ከባድ ጭንቀት ይሆናል እኮ ያለበት። ወይ ያጨሰው ነገር አለ። ስም መስጠት ቀላል ነው።

ማታ_ተረኛ · ማክሰኞ ማታ

ቢሆንስ፣ ጥያቄህ ትክክለኛ ነው፤ መደምደሚያህ ግን ቸኩሏል።

እውነት ነው፣ «ስኪዞፍሬኒያ አለበት» ብሎ የሚያረጋግጥ የደም ምርመራም ሆነ የጭንቅላት ምስል እስካሁን የለም። የታማሚዎች አንጎል በጅምላ ሲነጻጸር ልዩነት ይታያል፤ አንድን ሰው ነጥሎ ለመመርመር ግን አይበቃም። ደም የምንወስደውና ምስል የምናነሳው ሌላውን ለማስወጣት ነው። የሚጥል በሽታ፣ የእንቅርት ዕጢ መዛባት፣ የአንጎል መቆጣት፣ አደንዛዥ ዕፅ፤ እነዚህ ሁሉ ተመሳሳይ ምልክት ያመጣሉ።

ስሙም እንደምታስበው በአንድ ቀን አይለጠፍም። ብዙዎቻችን በምንጠቀምበት የአሜሪካኖች መመሪያ ከአምስት ዓይነት ምልክቶች ቢያንስ ሁለቱ ለአንድ ወር ያህል መታየት አለባቸው። ከሁለቱ አንዱ ደግሞ የሌለ ነገር መስማት ወይም ማየት፣ በማስረጃ የማይነቃነቅ የተሳሳተ እምነት፣ ወይም የተበታተነ ንግግር መሆን አለበት። ጠቅላላ ጉዳቱም ስድስት ወር የዘለቀ ሊሆን ይገባል። የወንድሟ የሁለት ዓመት ዝምታ የሚቆጠረው እዚህ ላይ ነው። ስድስት ወር ካልሞላው ሌላ ስም ይሰጠዋል፤ ከስሜት መዛባት ጋር ብቻ የሚመጣ ከሆነም ሌላ።

ስለ ማጨስ ያልከው ላይ እስማማለሁ፤ ሐኪሞቹም ይጠይቃሉ። ካናቢስ፣ በተለይ ጠንካራውን ዓይነት በልጅነት ጀምሮ አዘውትሮ መውሰድ፣ ለሕመሙ ያለውን ዕድል ከፍ ያደርጋል። የሚያጨስ ሁሉ አይታመምም፣ የታመመ ሁሉም አላጨሰም።

ኒውሮን · ማክሰኞ ሌሊት

የአንጎል ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ድምፅ_አልባ «መነሻው ብቻ ነው የተበላሸው» ያለው ላይ ልጨምር፤ ይህን ርዕስ ስለምወደው ካበዛሁ ታገሱኝ።

ራስህን መኮርኮር ሞክረህ ታውቃለህ? አይሠራም። ምክንያቱም አንጎልህ እጅህን ሲያዝ፣ ለስሜት ክፍሉ «አሁን የሚነካህ የራሳችን እጅ ነው፣ ቁም ነገር አይደለም» የሚል መልእክት ቀድሞ ይልካል። ስለዚህ ስሜቱ ይደበዝዛል። የሌለ ድምፅ የሚሰሙ፣ ወይም «ሌላ ኃይል ያንቀሳቅሰኛል» የሚሉ ታማሚዎች ላይ ሲሞከር ግን የራሳቸው ንክኪ የሌላ ሰውን ያህል ይኮረኩራቸዋል። ማስታወቂያው አልደረሰም ማለት ነው።

አሁን በእጅ ፋንታ ንግግርን አስብ። ሁላችንም በሆዳችን እናወራለን። «ቁልፉን የት አደረግኩት?» ስትል ከንፈርህ ባይንቀሳቀስም አንጎልህ ቃሉን ይሠራዋል። «ይህ የእኛው ነው» የሚለው ማስታወቂያ ከቀረ ግን ያ ቃል ከውጭ የመጣ ሆኖ ይሰማል። ድምፅ በሚሰማበት ሰዓት የታማሚዎች አንጎል ምስል ሲነሳ ንግግር የሚፈበርከው ክፍል ሥራ ላይ ሆኖ ተገኝቷል። በሌላ ሙከራ ደግሞ ታማሚዎች አፋቸውን በሰፊው ሲከፍቱ የብዙዎቹ ድምፅ ቀንሷል።

ይህ ሁሉንም አያብራራም። ለምን ሴት ድምፅ፣ ለምን ስድብ የሚለው ገና ክፍት ነው። ግን «የለም፣ ፈጠርከው» ማለት ለምን እንደማይሠራ ያሳያል። ለእሱ በርግጥ ተሰምቷል።

ድምፅ_አልባ · ማክሰኞ ሌሊት

ኒውሮን፣ አሁን ገባኝ! እኔ አፌን ዘግቼ ሳንጎራጉር ይቀልለኝ ነበር። ለዓመታት እንደ ግል ምስጢሬ ነው የያዝኩት። ሰፈሩ ግን ዘፋኝ ልሆን የተዘጋጀሁ ነው የመሰለው 😄

እህቱ · ረቡዕ ጠዋት

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ዛሬ ነው ትንሽ የተነፈስኩት።

ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። አንደኛ፣ ቅዳሜ ልጠይቀው እሄዳለሁ። አሁንም ሰዎቹ ያወራሉ ይላል። ምን ልበለው? እውነት ነው ብል ውሸት ነው። ውሸት ነው ብል ይናደዳል። ሁለተኛውን ለመጻፍ አፍሬ ነበር። እኔ 26 ዓመቴ ነው፤ እኔንስ ይይዘኛል? ልጅ ብወልድስ?

የልጄ_እናት · ረቡዕ ከሰዓት

ልጄ፣ እኔ የተማርኩ አይደለሁም። ግን ልጄ 38 ዓመቱ ነው፣ 15ቱን ዓመት ከዚህ ሕመም ጋር ኖረናል። ከመጽሐፍ ሳይሆን ከስህተቴ ነው የምነግርሽ።

አትከራከሪው። እኔ አምስት ዓመት ተከራክሬያለሁ። ጎረቤት ጠርቼ አስመስክሬበታለሁ፣ ጣሪያ ላይ ወጥቼ «እይ፣ ማንም የለም» ብዬዋለሁ። አንድም ቀን አላሸነፍኩም። እንዲያውም «አንቺም ከእነሱ ጋር ነሽ» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ሲከፋው የሚነግረው ሰው አጣ።

አትስማሚለትም። «አዎ፣ እኔም ሰማኋቸው» ካልሽው እሳቱን ነው የምታራግቢው።

መሃል ላይ መንገድ አለ። ነገሩን ትተሽ ስሜቱን ያዢ። «እኔ አልሰማኋቸውም። አንተ ግን እንደምትሰማቸው አምንሃለሁ። እንቅልፍ ሲነሱህ ያስፈራል አይደል?» በይው። ፍርሃቱ እውነት ነው፣ ልጄ። ፍርሃቱን ማመን ውሸት አይሆንብሽም።

ደግሞ ቤት ውስጥ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ። አንዲት ሐኪም የነገረችኝን አልረሳውም። ነቀፋና ጭቅጭቅ የሚበዛበት ቤት፣ ከልክ ያለፈ መንሰፍሰፍም ጭምር፣ ሕመሙ ቶሎ እንዲያገረሽ ያደርጋል አለችኝ። ቤተሰብ በሽታውን አያመጣውም፤ ሊያባብሰው ወይም ሊያረግበው ግን ይችላል። እኔ ሁለቱንም ነበርኩ። ጠዋት ስቆጣ፣ ማታ እያለቀስኩ ሳጎርስ።

መድኃኒቱንም እንዳያቋርጥ። አልውጥም ሲለኝ እኔ ፈጭቼ ምግብ ውስጥ እጨምርለት ነበር።

ድምፅ_አልባ · ረቡዕ ማታ

እናቴ፣ የጻፉት ሁሉ ወርቅ ነው። የመጨረሻዋ ላይ ግን ይፍቀዱልኝና ልቃወም። ክብር አጥቼ አይደለም።

እኔንም እንደዛ አድርገውኝ ነበር። በዚያን ጊዜ ምግቤን እየመረዙት ነው ብዬ አምን ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ሳህኑ ላይ ነጭ ዱቄት አገኘሁ። በዚያች ደቂቃ ሕመሜ ያለኝ ሁሉ እውነት ሆነ። ድምፆቹ «ነግረንህ አልነበር?» አሉኝ። ከቤቴ ሰዎች እጅ ምግብ ሳልበላ ሦስት ወር ቆየሁ። መድኃኒቱን ማመን የጀመርኩት ከዚያ አራት ዓመት ቆይቼ ነው።

የልጄ_እናት · ረቡዕ ማታ

ልጄ፣ ልክ ነህ። የእኔም ደርሶበት ነበር። ያን ቀን እንዴት እንዳየኝ ልጽፈው አልቻልኩም። ለዚህ ነው ዝም ብዬ ያለፍኩት።

ማታ_ተረኛ · ረቡዕ ሌሊት

እናቴ፣ ይህን የጻፉት ስንቱን ቤት እንደሚያድን አያውቁትም። በርግጥ እንዲህ ያደረጉት እርስዎ ብቻ አይደሉም፤ እኛ ጋ ብዙ እናቶች እያለቀሱ ይነግሩናል። አንዳንድ ታማሚ መታመሙን አምኖ የማይቀበለው እልኸኛ ስለሆነ አይደለም። ሕመሙ ራሱ ያንን የማየት አቅም ይሸፍናል። ኪኒን በየቀኑ መዋጥ ጦርነት ከሆነ፣ በሁለት ሳምንት ወይም በወር አንዴ፣ አንዳንዱም በሦስት ወር አንዴ የሚወጋ መርፌ አለ። ከእሱ ጋር ተነጋግሮ መወሰን ነው እንጂ በስውር አይሆንም።

እህቱ፣ ለጥያቄሽ። ከማንኛውም 100 ሰው በዕድሜው ይህ የሚይዘው አንድ ገደማ ነው። ወንድም ወይም እህት ካለበት ከ100 ዘጠኝ ያህል ይሆናል። ገልብጠሽ አንብቢው፤ ከ90 በላይ የሚሆኑት አይያዙም። ለወንድምሽ ልጆች፣ ማለትም አንድ ወላጁ ለታመመ፣ ከ100 አሥር አካባቢ ነው። ላንቺ ልጆች ግን ከዚያ በእጅጉ ያንሳል። መንታ፣ ያውም አንድ ዓይነት መንታ ሆነው እንኳ አንዱ ሲታመም ሌላው ከግማሽ በላይ ጊዜ አይታመምም። ዘር አለበት፣ ዘር ብቻ ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ትልቅ ጥናት ከሕመሙ ጋር የተያያዙ 287 የዘረመል ቦታዎች ለይቷል። አንዳቸውም ብቻቸውን በሽታ አያመጡም።

አሁን ቀጠሮ የያዝኩለት ርዕስ። ከ100 ታማሚ አምስት ያህሉ ሕይወቱን በራሱ እጅ ያጣል። አደገኛው ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ዓመታትና ከሆስፒታል የወጡ ሰሞን ነው። ሰው የሚዘናጋውም ያኔ ነው፤ «ተሻለው» ይላል። በተለይ ሕመሙን መረዳት ሲጀምርና «ሕይወቴ አበቃ» ሲል ተጠጉት። በግልጽ ጠይቂው፤ «መሞት ታስባለህ?» ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልበትም። አዎ ካለሽ፣ ወይም ድምፆቹ ራስህን ጉዳ እያሉ ካዘዙት፣ ቀጠሮ አትጠብቁ። ብቻውን ሳትተዉት ያኔውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

ስለ መድኃኒቱ ደግሞ አንዳንድ ነገር ልበልሽ፤ ቅዳሜ ስትሄጂ ሐኪሙን እንድትጠይቂው። የመጀመሪያው መድኃኒት ክሎርፕሮማዚን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1952 ፓሪስ ውስጥ ለዚህ ሕመም ተሞከረ። ከዚያ ወዲህ የመጡት ሁሉም ማለት ይቻላል የሚሠሩት ዶፓሚን የሚባለውን የአንጎል መልእክተኛ በመግታት ነው። በሌላ መንገድ የሚሠራ መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ገና እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። ስለዚህ መድኃኒቶቹ ድምፁንና ጥርጣሬውን ያበርዳሉ፣ ኔጌቲቭ ያልኩሽን ግን ብዙ አይነኩም። ድምፅ_አልባ የነገረሽ ይኸው ነው። ሁለት መድኃኒት በቂ ጊዜ ተሰጥቷቸው ካልሠሩ ክሎዛፒን አለ። ለብዙዎች ሌላው እምቢ ሲል እሱ ይሠራል። ነጭ የደም ሴሎችን ሊያወርድ ስለሚችል ግን የደም ክትትል ይፈልጋል።

መቀመጥ አቅቶት ወዲያ ወዲህ ሲል ካየሽው «ባሰበት» ብለሽ አትደምድሚ። የመድኃኒቱ ጠባይ ሊሆን ይችላልና ለሐኪሙ ንገሪው፤ መጠን በመቀነስ ወይም በመቀየር ይስተካከላል። ክብደቱንም ተከታተሉ። የእነዚህን ታማሚዎች ዕድሜ በይበልጥ የሚያሳጥረው የልብና የስኳር በሽታ ነው፤ ሁሉም ሰው ጭንቅላታቸውን ሲያይ ልባቸውን የሚለካ ይጠፋል። ይህ እኔን ሁሌ ያናድደኛል።

ያጨሳል እንዴ? የሲጋራ ጭስ ጉበት ክሎዛፒንንና ኦላንዛፒን የሚባለውን ሌላ መድኃኒት ቶሎ እንዲያስወግዳቸው ያደርጋል። ሆስፒታል ሳያጨስ የተስተካከለለት መጠን ቤት ሲመለስና ማጨስ ሲጀምር ያንሰዋል። በድንገት ሲያቆም ደግሞ ይበዛበታል። ይህን ቤተሰብ የሚያውቅ ስንቱ ነው?

ቢሆንስ · ሐሙስ ጠዋት

ተማርኩ። አንድ ነገር ብቻ፤ ከዳነ በኋላስ ለምን ይቀጥላል? ዕድሜ ልክ ኪኒን?

ማታ_ተረኛ · ሐሙስ ጠዋት

ፈጣን መልስ፣ ተረኛ ነኝ። 65 ሙከራዎችን የደመረ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ግምገማ አለ። መድኃኒቱን ከቀጠሉት ከ100 ወደ 27ቱ በአንድ ዓመት ውስጥ አገረሸባቸው። ካቆሙት ወደ 64ቱ። የሚያቆምና ደህና የሚሆን ሰው አለ፤ ማን እንደሆነ አስቀድሞ መለየት ግን አልተቻለም። ማቆም የፈለገ ሰው ከሐኪሙ ጋር ቀስ እያለ ይቀንስ፣ ድንገት አይቁረጥ።

ጨረቃ88 · ሐሙስ ከሰዓት

ከዚህ ሕመም ጋር ሙሉ ሕይወት የኖረ ሰው አለ? ተስፋ የሚሰጥ ነገር ንገሩን።

ኒውሮን · ሐሙስ ማታ

የሒሳብ ሊቁ ጆን ናሽ አለ። በ30 ዓመቱ ገደማ ታመመ፣ ለአሥርተ ዓመታት ተሰቃየ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ኤሊን ሳክስ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ የሕግ ፕሮፌሰር ናት፤ ሕመሟን በአደባባይ ተናግራለች።

ድምፅ_አልባ · ሐሙስ ማታ

እነሱ ጥሩ ናቸው። ግን ለወንድሟ ኖቤል አትጠብቁበት፤ ያኔ ደግሞ «ናሽ እንኳን…» ማለት ትጀምራላችሁ። እኔ በሳምንት አራት ቀን መጋዘን ውስጥ ዕቃ እቆጥራለሁ። የራሴ ቤት አለኝ፣ ምግቤን እሠራለሁ፣ አንድ ጓደኛ አለኝ። ሁለት ጊዜ አገርሽቶብኝ ተመልሻለሁ። ዛሬ ጠዋት ታጥቤያለሁ። እኔ ይህን ሙሉ ሕይወት እለዋለሁ።

እህቱ · እሑድ ማታ

ትናንት ሄድኩ። ቃል የገባሁላችሁ ስለሌለ ባልጽፍም ይቻል ነበር፣ ግን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ዝም አለ፣ እኔም ዝም አልኩ። ድሮ ቢሆን ዝምታውን በጥያቄ እሞላው ነበር። ቆይቶ «አሁንም ያወራሉ፣ ትንሽ ራቅ ብለው ግን» አለኝ። እማማ እንደመከሩኝ አደረግኩ። «እኔ አልሰማቸውም። አንተ ግን እንደምትሰማቸው አምንሃለሁ። ደክሞህ ይሆናል» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። «በጣም» አለ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ከ«እሺ»ና ከ«አይ» ሌላ የነገረኝ የመጀመሪያ ስሜቱ ነው።

«ጥገኛ ስላልኩህ ይቅርታ» አልኩት። «መቼ?» አለኝ። አያስታውሰውም። ወይም አላስታውስም አለኝ።

ልሄድ ስነሳ ነው የጠየቀኝ። «ሶኬቶቹ ላይ ያለውን ፕላስተር አነሳችሁት?»

አባቴ ሊልጠው ነበር፣ እናንተን ካነበብኩ በኋላ ነው የከለከልኩት። «አልነካነውም። ስትመጣ ራስህ ታነሳዋለህ፣ ካልፈለግክም ይቆያል» አልኩት።

ትንሽ አሰበና «የመብራቱን አንሺው። የአልጋውን አጠገብ ግን ተይው» አለ።